ወላጅ አማካሪ እንጂ ወሳኝ አይሁን

የአንድ ኅብረተሰብ እድገት ከሚመሠረትባቸው ዐበይት ጉዳዮች አንዱ፣ ወጣቱ እንደ ችሎታውና እንደ ዝንባሌው በሥራ መስክ መሰማራቱ ነው። ይህ ስምሪት የሚጀምረው በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይሆን በወላጅ ቤት መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን እንዲከታተሉ ተደርጓል፤ የትምህርት ክፍል ምርጫው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ አሠራር ቁም ነገር ተማሪው አይቶ፣ ጠይቆና መዝኖ እንዲመርጥ ጊዜ መስጠቱ ነው። ይሁን እንጂ «ሐኪም ወይም መሐንዲስ ካልሆንህ ልፋቴ ከንቱ ነው» ተብሎ የተላከ ልጅ ጊዜውን በምን ይጠቀምበታል? ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷልና የሚመረምረው ነገር የለውም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጄምስ ማርሲያ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ጥናት፣ ሳይመረምሩ በወላጅ ምርጫ መጽናትን ከእውነተኛው ውሳኔ ለይተው አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ወጣት ቁርጠኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁርጠኝነቱ የውሰት በመሆኑ ፈተና ሲገጥመው በቀላሉ ሊናወጥ ይችላል።

የዚህ አድራጎት ምንጭ ክፋት አለመሆኑ አይካድም። ችግርን የቀመሰ ወላጅ ልጁን ከችግር ለማውጣት መሻቱ ተገቢ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ሸማኔው፣ ግንበኛው ወይም የፋብሪካው ሠራተኛ ልጁን «እንደ እኔ እንዳትሆን» ሲለው ነው። በዚህ አንድ ቃል ልጁን አብልቶ ያሳደገው ሥራ ይናቃል፤ ሙያም በሚሰጠው አገልግሎት ሳይሆን በስሙ መመዘን ይጀምራል።

በአንጻሩ «እንደ ፍጥርጥርህ» ብሎ ልጅን መተው ነፃነት መስጠት አይደለም። መካሪ ያጣ ተማሪ ጓደኞቹ ወደ ነጐዱበት ይነጉዳል። ትክክለኛው አቋም ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ይኸውም የልጅን ዝንባሌ መጠየቅ፣ መልሱን ማዳመጥ፣ የቤቱን አቅም ሳይሸሽጉ ማስረዳት፣ በመጨረሻም ውሳኔውን ለባለቤቱ መተው ነው።

ይህ ኃላፊነት በወላጅ ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባውም። የእድርና የነዋሪዎች ማኅበራት በክረምቱ ዕረፍት ተማሪዎችን ከአካባቢያቸው ነርስ፣ መካኒክ፣ አናጺና የሒሳብ ሠራተኛ ጋር ማገናኘት ይችላሉ፤ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ሠራተኛውም የሙያውን ድካምና ክብር ሳያፍር ይናገር። በሥራው የሚኮራ ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው አንድን ሙያ ሳይሆን ሙያን ሁሉ የማክበርን መንፈስ ነው እንላለን።