ራሽናችንን ለኤሊ አናካፍል



ባለፈው ክረምት አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ከማሽላ ማሳ ዳር ያገኛትን ትንሽ ኤሊ በዘይት ቆርቆሮ ይዞ ወደ ክፍል መጣ። ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም ነበር። ልጁ ከድርሻው ቂጣ እየቆረሰ፣ ምስር እየጨለፈ ያበላት ጀመር። እኔም መምህር ነኝ ባይ «ወተት ብታገኝላት ትጠነክራለች» ብዬ መከርኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ የጀርባዋ ቅርፊት በጣት ሲጫኑት እንደ ቆዳ ይለሰልስ ጀመር፤ እግሮቿም ሊሸከሟት አቃታቸው፤ ሞተች። ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ብወጣም ባዮሎጂ ተምሬአለሁ። ከእንቁላል ለሚፈለፈል እንስሳ ወተት ምን እንደሚያደርግለት ማሰብ ነበረብኝ።

አንዳንድ ወላጆች «ለሰው ያልበቃ ራሽን ለኤሊ!» ብለው ልጆቹን ይቆጣሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ከዚህም አልፌ፣ ራሽኑ ቢተርፍ እንኳ ለኤሊ አይሆንም እላለሁ። ሱዳኖች ኤሊን «አቡ ገደሕ» ይሏታል፤ ባለ ገበቴው እንደማለት ነው። ገበቴዋን ይዛ ብትዞርም የሰው ምግብ አትፈልግም። በሱዳንና በኢትዮጵያ ቆላ የሚገኘው ትልቁ ዝርያ ሣር በል ነው። ዳቦ፣ ገንፎ፣ ባቄላና ሥጋ ሆዷን ያበላሻሉ፤ ቅርፊቷ የሚሠራበትን ካልሲየምም አይሰጧትም።

ታዲያ ምን ትብላ? እርጥብና ደረቅ ሣር፣ ጥቂት የከርከዴ ቅጠል። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ግን አትጨዱላት፤ የማሽላ ቡቃያም ከብት እንደሚመርዝ ገበሬ ሁሉ ያውቃልና ይቅርባት። የተቀቀለ እንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መነስነስ ካልሲየም ይሆናታል። ካልሲየሙ ግን ያለ ፀሐይ አይሠራም፤ ስለዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ተዘግታ አትዋል። የጠዋት ፀሐይ ታግኝ፤ ሲበረታ የምትሸሸግበት ጥላ ይኑራት።

ውኃ በጀሪካን ተሰልፈን የምንቀዳ ሰዎች መሆናችንን አልረሳሁም። ለእርሷ የሚበቃት ግን አንድ ኩባያ ነው፤ በዝርግ ሳህን አድርጎ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሩብ ሰዓት መንከር። በዚሁ ዝርያ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ በደረቅ ቦታ ያደጉት ቅርፊታቸው ይበልጥ እንደሚጎባብጥ አሳይቷል። በዱር ትንሿ ኤሊ እርጥበት ያለው ጉድጓድ ትገባለች፤ ቆርቆሮ ጉድጓድ አይሆንም። ሳህኑ ሰው አይብላበት፤ የነካችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ኤሊ የምትይዘው ሳልሞኔላ የሚባል ተሕዋስ በተለይ ሕፃናትን በተቅማጥ ይጥላል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ኤሊ እንድትይዙ አይደለም። ያቺ የክብሪት ቀፎ የምታህለው አድጋ 40 ወይም 50 ኪሎ ልትመዝን፣ 70 ዓመትም ልትኖር ትችላለች። እኛ የሚመጣውን ክረምት የት እንደምንከርም አናውቅም፤ ለማን ትተናት እንሄዳለን? ዝርያዋም እየተመናመነ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከዱር የተያዘችውን ወደ ውጭ አገር ለንግድ ማውጣት በዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። ሣሩ ለምለም ሳለ ወደተገኘችበት አካባቢ፣ ትራክተር ወደማይደርስበት ቁጥቋጦ መመለስ ይሻላል። የቆሰለች ከሆነች ግን እስክትድን ከላይ እንዳልኩት ተንከባከቧት።

በቤቱ ኤሊ ያለው ተማሪ ቅዳሜ ጠዋት ት/ቤቱ በር ላይ ያግኘኝ። የት እንዳገኛት ያሳየኝ፤ አብረን እንወስዳታለን።