መልሱ ይቅደም፣ ይግባኙ ይቆይ

በዲሴምበር 1988 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የፓን አም በረራ 103 በስኮትላንዷ ሎከርቢ ሰማይ ላይ በቦምብ ፈንድቶ፣ ምድር ላይ የነበሩትን ጨምሮ 270 ሰዎች አለቁ። በ2001 ሊቢያዊው አብደልባሰት አል-መግራሂ ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ነገሩ ግን አልተቋጨም። በ2007 የስኮትላንድን የወንጀል ፍርዶች መልሶ የሚያጣራው ነጻ ኮሚሽን፣ ፍርዱ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል ብሎ መዝገቡን ወደ ይግባኝ ሰሚው ችሎት መራው።

በዚያው ዓመት ለንደንና ትሪፖሊ ስለ እስረኞች ዝውውር ይደራደሩ ነበር። የስኮትላንድ መንግሥት ስምምነቱ መግራሂን እንዳይጨምር ወተወተ። የብሪታንያው የፍትሕ ሚኒስትር ጃክ ስትሮው ግን መግራሂን ማስቀረቱን በመጨረሻ ተዉት። ንግድና ነዳጅ በጉዳዩ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው በ2009 ራሳቸው ተናግረዋል። የ270 ሟቾች ፍርድ ከነዳጅ ውል ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቅረቡን ሳስብ ያመኛል።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የስምምነቱ አንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ያልተዘጋ ይግባኝ ያለው እስረኛ አይዛወርም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ያላለቀን ፍርድ ሌላ አገር ሊያስፈጽመው አይችልም። ካንሰር የጸናበት፣ ሐኪሞች ሦስት ወር ገደማ የገመቱለት ሰው ታዲያ ምን ምርጫ አለው? ሊቢያ በሜይ 2009 የዝውውር ጥያቄ አቀረበች፤ መግራሂ በኦገስት ይግባኙን ተወ። በዚያው ሰሞን፣ ኦገስት 20 ቀን፣ የስኮትላንዱ የፍትሕ ሚኒስትር ኬኒ ማክአስኪል የዝውውር ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። ፍርዱን ስኮትላንድ ውስጥ እንደሚጨርስ ለአሜሪካውያን የሟች ቤተሰቦች ተነግሯቸው ነበርና። በርኅራኄ ግን ፈቱት፤ በርኅራኄ ለመፈታት ደግሞ ይግባኝ መተው አያስፈልግም ነበር!

ማክአስኪል የሟች ቤተሰቦችን አነጋግረዋል፣ እስር ቤት ድረስ ሄደው እስረኛውን ሰምተዋል፣ ምክንያታቸውንም በአደባባይ ዘርዝረዋል። ይህን አከብርላቸዋለሁ። የተተወው ይግባኝ ግን መግራሂ በሕይወት ሳለ ሳይሰማ ቀረ። እሱ በ2012 ትሪፖሊ ውስጥ ሞተ። ቤተሰቡ በስሙ ያስከፈተው ይግባኝ ውድቅ የተደረገው በጃንዋሪ 2021 ነው። ከሟች ቤተሰቦች መካከልም ጥፋተኝነቱን የሚጠራጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ያን ሁሉ ዓመት ጠበቁ።

እኛም በሳዑዲ ዓረቢያና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የታሰሩ ወገኖች አሉን። መንግሥታችን ስለ ዝውውራቸው ሲደራደር፣ ጥያቄው ይግባኙ ሳይዘጋ ጎን ለጎን ይጠና። እስረኛው «ተፈቅዶልሃል» የሚል የጽሑፍ መልስ በእጁ ሳይገባ ይግባኙን ተው አይባል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም እንዲህ ያለ ስምምነት ለማጽደቅ ሲቀርብለት ስለ ይግባኝ የሚደነግገውን አንቀጽ ፈልጎ ይመርምር።