ጣና ላይ ‹‹ፈሪ›› ተባልኩ!

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ከወደ ደብረ ማርቆስ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ስትሆን ስሟ እንዳይወጣ አደራ ብላናለች። አደራዋን ጠብቀን፣ ረዘም ያለውን ደብዳቤዋን አሳጥረን እንዲህ አቅርበነዋል።

‹‹ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ማርቆስ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ወንድ ሦስት ሴት ሆነን ለሽርሽር ባሕር ዳር ወረድን። ጠዋቱን በእንቅልፍና በቁርስ አሳለፍነውና ከምሳ በኋላ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን። ስንሄድ ጣና እንደ መስተዋት ነበር። ስንመለስ ግን ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋ ላይ ሌሎች አራት ሰዎች ተጨመሩ። ‹ላይፍ ጃኬት የለም ወይ?› ብዬ ብጠይቅ ያለው ሦስት ብቻ! ‹እንግዲያው እኔ አልሳፈርም› አልኩ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። የወንድ ጓደኛዬም ‹አታዋርጂኝ፣ ሰው እያየን ነው› አለኝ። አፈርኩና ገባሁ። ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ውሃ እየጨመረ፣ እኛ በባልዲ እየቀዳን እያፈሰስን፣ በስንት መከራ ደረስን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ‹ፈሪዋ› ሆኖ ቀረ። አሁን ደግሞ ዋና የማይችለው የ19 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሊሄድ ነው። ስመክረው ‹የአንቺን ፍርሃት ለእኔ አታውርሺኝ› ይለኛል። ለመሆኑ እኔ ፈሪ ነኝ? ልጁንስ ልከልክለው ወይስ ዝም ልበል?››

መልስ፦

እህቴ፣ ፈሪ አይደለሽም። ከስድስታችሁ መሐል ተገቢውን ጥያቄ የጠየቅሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ስህተትሽ መጠየቅሽ ሳይሆን አፍረሽ መግባትሽ ነው። አባቶች ‹‹ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል›› ያሉት እንዲህ ያለውን ቀን አይተው ነው። ጣና ላይ ለሚሄድ የደጋ ልጅ ከማዕበሉም ከጉማሬውም በፊት የሚያሰጋው ይሉኝታ ነው።

ጮቄ ሥር ያደገ ልጅ ገደል ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚረገጥ ማንም አያስተምረውም፤ እግሩ ያውቀዋል። ሐይቅ ግን ሌላ ትምህርት ነው። ጣና በርዝመቱ 84፣ በስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ታዲያ ይህን ያህል ሰፍቶ፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ‹‹ጥልቅ ካልሆነ ምን ያስፈራል?›› ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው! ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፤ ማዕበሉም አጫጭርና ተደጋጋሚ ስለሆነ ትንሽ ጀልባን ፋታ አይሰጣትም። ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። እናንተ ያያችሁትም ይህንኑ ነው።

‹‹ዳር ላይ ነን፣ ደርሰናል›› የሚለው ሐሳብም ያታልላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 በታንዛኒያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኒየሬሬ የተባለችው መርከብ ከልክ በላይ ሰው ጭና ኡካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች። ከ220 በላይ ሰዎች አለቁ። ያ ውሃ ውቅያኖስ አልነበረም፤ እንደ ጣና ሐይቅ ነው።

ወንድምሽን አትከልክይው። የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይሄዳል፤ ተደብቆ የሄደ ደግሞ የት እንዳለ የሚያውቅለት ሰው የለውም። ይልቅ ይህን ጋዜጣ ስጪውና የሚከተለውን ያንብብ።

አንደኛ፣ ጉዞው ጠዋት ይሁን። በ1 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ባሕር ዳር መመለስ ነው። ዘጌ እንደ ሞተሩ ጉልበት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። የነገሥታት አጽም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ግን መሄጃው ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ‹‹በአንድ ቀን ሁሉንም እናያለን›› የሚል አስጎብኚ ካጋጠመው ይጠርጥር።

ሁለተኛ፣ ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት ላይፍ ጃኬቱን ይቁጠር። ለአንድ ሰው አንድ! መቀመጫ ሥር ታጭቆ የተቀመጠ አይረባም፤ ይልበሰው፣ ይቆልፈው፣ ከዚያም ጓደኛው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጩን አልፎ ከወጣ ለእሱ ሰፊ ነውና ይለውጥ። ዋጋውን ሲነጋገር መመለሻውን፣ የሚያርፉባቸውን ደሴቶችና የሰዉን ቁጥር አብሮ ይቁረጥ። ‹‹መንገድ ላይ ሰው አይጨመርም›› ብሎ ከመነሻው ይናገር።

ሦስተኛ፣ ጀልባዋ ብትገለበጥ ጀልባዋን አይልቀቅ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚያልቀው ግን ወደ ዳር እዋኛለሁ ሲል ነው። ጓደኛው ቢወድቅ ደግሞ ዋና የማይችል ሰው ዘሎ አይግባ። ገመድ፣ መቅዘፊያ፣ ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይወርውርለት። ቢራውም ከጉዞ በኋላ ይደርሳል።

አራተኛ፣ ለፎቶ ብሎ ታንኳ ላይ አይውጣ። የደንገል ታንኳ ለለመደው ሰው እንጂ ለእንግዳ አይመችም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሲያይም ‹‹ጠጋ በልልን›› ብሎ ባለጀልባውን አያስቸግር።

አምስተኛ፣ ሐይቁ ዳር በባዶ እግሩ እየተንቦራጨቀ አይጫወት። የቢልሃርዚያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። ሲገባ ላይታወቅ ይችላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ውሃ ውስጥ ከገባ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሰገራውን ይመርመር፤ መድኃኒት አለው። ወባውንም አይናቅ። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ማርቆስ ወባን ብዙ አታውቅም፤ 1,800 ሜትር ላይ ያለችው ባሕር ዳር ግን በደንብ ታውቃለች፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። አጎበር ያለው አልጋ ይያዝ። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ቢይዘው ‹‹ብርድ መቶኝ ነው›› እያለ አይተኛ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ‹‹ባሕር ዳር ነበርኩ›› ይበል። ይህች አንዲት ቃል ሕይወት ታተርፋለች።

ስለ መንገዱም እንናገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ባየው ግጭት መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ሲሆን ታዝበናል። በደምበጫ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ የሚያልፈውን ጉዞ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ሰሞን ደርሶ የመጣ ሹፌር ይጠይቅ፤ በሌሊት አይጓዝ። ‹‹ዛሬ ጥሩ አይደለም›› ከተባለ ይመለስ። ጣና የትም አይሄድም።

ለሴት አንባብያን ደግሞ አንድ ነገር፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ይህን ሳታውቁ የሄዳችሁ እንደሆነ ወንዶቹ ሲገቡ እናንተ ጀልባ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀራላችሁ። ስለዚህ ከመነሻው ሴት የሚገባበትን፣ ለምሳሌ እንጦስ ኢየሱስን ወይም ዘጌ ያለችውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ምረጡ። ብቻችሁን ጀልባ አትያዙ። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለሆቴሉ ሰው ንገሩ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ እህቴ። ያን ቀን ሌላ መንገድ እንደነበረሽ ታውቂያለሽ? ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት እንጂ ደሴት አይደለችም፤ ከእሷ ወደ ባሕር ዳር በየብስ መመለስ ይቻላል። ‹‹እናንተ ሂዱ፣ እኔ በመኪና እመጣለሁ›› ማለት ብቻ ይበቃሽ ነበር። ምናልባትም አንቺ ብትቀሪ ሌላ አንድ ሁለት ሰው አብሮሽ ይቀር ነበር፤ አንቺ ያልሽውን በሆዳቸው የያዙ አይጠፉም።

የወንድ ጓደኛሽንም ተረጋግተሽ አነጋግሪው። ‹‹ያን ቀን ብሞት ኖሮ ሰው ምን ይልህ ነበር?›› ብለሽ ጠይቂው። ደንግጦ ይቅርታ ከጠየቀሽ ወጣትነት አታሎት ነበር ማለት ነው። አሁንም የሚስቅብሽ ከሆነ ግን ነገሩ ከጣና ያለፈ ነውና ደግመሽ አስቢበት።

ለወንድምሽ ስትሸኚው ‹‹አትሂድ›› አትበይው። ‹‹ሲያስፈራህ ‹አልሳፈርም› በል፤ የመመለሻ መኪናውን እኔ እከፍላለሁ›› በይው፤ ገንዘቡንም ለብቻው አጣጥፈሽ ኪሱ ክተቺለት። ይህ ፍርሃት ማውረስ አይደለም፤ መመለሻ መስጠት ነው።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ!