የመስከረም ጫማ ኅዳር ሚካኤልን አያይም

ጓደኞቼ፣ በተለይ ደግሞ ከቱም ወጥታችሁ ሥራ የያዛችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄን ነገር እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የምትቀየሙኝ ካላችሁም አንብባችሁ ተቀየሙኝ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ለተማሪ ጫማ ይታደላል። ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ሸራ ጫማው ይሰጣቸዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እዚሁ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። «ይህን ያህል ጥንድ ጫማ ለገስን» ይባላል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ኪሎ ሜትር ለገሳችሁ?

እስቲ አብረን እናስላው። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ቀበሌ የሚመላለስ ልጅ በቀን 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዓመት 190 ቀን ቢማር 3,420 ኪሎ ሜትር ነው። ቤት ተከራይተው ቅዳሜና እሁድ ስንቅ ለማምጣት የሚኳትኑትን አልቆጠርኩም። አሜሪካ ውስጥ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቅ አፓላቺያን ትሬይል የሚባል የእግረኛ መንገድ አለ፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱን የጨረሰ ሰው ይጨበጨብለታል፣ መጽሐፍም ይጽፋል። የእኛ ልጅ በየዓመቱ ያንኑ ያህል ይሄዳል፤ አስር ደቂቃ ካረፈደ ግን እንቀጣዋለን።

ታዲያ እነዚያ ተጓዦች ስለ ጫማ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቀላል የሩጫ ዓይነት ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር፣ ጠንካራ የቆዳ ከስክስ ደግሞ ከ1,000 እስከ 1,600 ቢያገለግል ነው ይላሉ። ስለዚህ መንገዱን ለመጨረስ ብዙዎቹ አራትና አምስት ጥንድ ይቀያይራሉ። 800 ኪሎ ሜትር በእኛ ልጅ እርምጃ 44 የትምህርት ቀን ነው። መስከረም 10 የተጫማው ጫማ ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ አለቀ ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ ለጥሩ ጫማ ነው። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀው ስስ ሸራማ የማጂን ጭቃ ሁለት ሳምንት ከቻለ ተመስገን ነው። ጭቃው ሶሉን ይዞ ያስቀራል። ማታ ደግሞ ልጁ ነገ እርጥብ ላለማድረግ ብሎ ምድጃ ዳር ያኖረዋል፤ እሳቱ ማስቲሹን ያላላዋል፣ ቆዳም ከሆነ ያደርቅና ይሰነጥቀዋል። (ተማሪዎቼ፣ ውስጡ ወረቀት ወይም ደረቅ ሣር ጠቅጥቃችሁ ከእሳት አርቁት ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።)

«አባቶቻችን በባዶ እግራቸው አልሄዱም ወይ? አበበ ቢቂላስ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አበበ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ፣ እውነት ነው። በ1957 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው፣ ያውም የዓለምን ፈጣን ሰዓት ይዞ። ይሄኛውን ለምን እንደማትጠቅሱት አይገባኝም።

ደግሞ ጉዳዩ የማማር አይደለም። በትንኝ ከሚተላለፈው ሌላ፣ ከአፈር የሚመጣ ዝሆኔ አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈርና ብዙ ዝናብ ባለበት ደጋ ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ደቃቁ አፈር በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል። በዚህ በሽታ ከዓለም አገሮች በብዛት የተጠቃችው የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት። መከላከያው ደግሞ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው፤ አፉን የከፈተ ጫማ ግን አፈሩን ያስገባል። መስከረም ላይ ተሰጥቶ ጥቅምት ላይ የተጣለ ጫማ ያንን ልጅ አልጠበቀውም።

ሌላው የሚያበሽቀኝ በኮንጎ ጫማ መሳቅ ነው። ኮንጎ ያልባል፣ ይሸታል፣ አልክድም። ግን ውኃ አያበሰብሰውም፣ ሲቀደድም ሊስትሮው በጋለ ብረት አቅልጦ ያያይዘዋል። በረባሶም ከመኪና ጎማ ስለሚቆረጥ ሶሉ በቀላሉ አያልቅም። ያንኑ በረባሶ መነሻ አድርጋ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ሶል ሬብልስን አቋቁማ ጫማ ወደ ውጭ አገር ልካለች። ፈረንጅ ዶላር ከፍሎ የሚጫማውን እኛ የገጠር ልጅ ሲያደርገው እናፍርበታለን።

«በልግስና ላይ ምን አቃቂር ታወጣለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ብሩ አንድ ከሆነ 100 ስስ ሸራ ከምትገዙ 50 ሶሉ የተሰፋ ግዙ፣ ቅድሚያ ከሩቅ ለሚመላለሱት ስጡ። በሰልፍ ቅደም ተከተል ሳይሆን በመንገዱ ርዝመት ይታደል። የትኛው ልጅ ከየት እንደሚመጣ እኛ መምህራኑ እናውቃለን፣ ጠይቁን። የቀረችውን ብር ደግሞ ለሊስትሮ አስቀምጡልን፤ ሶል ማሰፋት ከአዲስ ጫማ በጣም ይረክሳል። ሁለተኛውን ዙር ጥር ላይ አድርጉት፣ ያኔ ፎቶ አንሺ ባይኖርም።

በዚህ ሰሞን ከሚዛን ወደ ቱም የምትመጡ ካላችሁ ሲባጎ፣ ወስፌና ማስቲሽ ይዛችሁልኝ ኑ። ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።