ካምቢዮው ኮምፒውተር ከሆነ የመጠገን መብቱ የማን ነው?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በታክሲ ሥራ ከሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ሃይብሪድ መኪና ይመርጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሃይብሪዱ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል፤ ፍሬን ሲያዝም በሙቀት መልክ ይባክን የነበረውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። በዚህ ቁጠባ ውስጥ ግን ሕግ አውጪዎች በቂ ትኩረት ያልሰጡት ጉዳይ አለ፤ እሱም መኪናውን የመጠገን ሥልጣን ነው።

በ1997 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ፕሪየስ ፍሪሲዮን የለውም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀየር ማርሽም የለውም። ያለው አንድ የማርሾች ስብስብ ነው። የነዳጅ ሞተሩ ትናንሾቹን ማርሾች የተሸከመውን ክፍል ያዞራል። መሐል ላይ ያለው ማርሽ ከጄኔሬተር፣ ዙሪያውን የከበበው ቀለበት ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሞተሩና ከጎማዎቹ ጋር ተያይዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከነዳጅ ሞተሩ የማዞር ኃይል 72 በመቶ ያህሉ ወደ ጎማዎቹ፣ ቀሪው ወደ ጄኔሬተሩ ይሄዳል። ይህን ክፍፍል የማርሾቹ ጥርስ ብዛት ይወስነዋል። የነዳጅ ሞተሩ በምን ዙር እንደሚሠራ የሚወስነው ግን የጄኔሬተሩን ዙር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኮምፒውተር ነው። መካኒክ በጆሮው ሰምቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይፈርድበት የነበረው ካምቢዮ አሁን በአብዛኛው ፕሮግራም ሆኗል።

ባትሪውም እንዲሁ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ 28 ሞጁሎች በተከታታይ ተያይዘው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። አንዱ ሲደክም ችግሩ የት አካባቢ እንደሆነ የሚጠቁመው የኮምፒውተሩ መረጃ ነው። አንድ ሞጁል መቀየር ዘላቂ መፍትሔ የማይሆንበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን፤ ያንንም የሚለየው ይኸው መረጃ ነው። መረጃው የተከለከለ የሰፈር ጋራዥ ሙሉውን ባትሪ ከመቀየር ወይም ደንበኛውን ወደ አምራቹ ወኪል ከመላክ ሌላ መንገድ የለውም። በየቀኑ ገቢ ለሚኖር አሽከርካሪ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቅበት እያንዳንዱ ቀን ከቤት ኪራዩ ላይ ይቀነሳል።

እስካሁን ብዙው መረጃ በመኪናው መሰኪያ በኩል ይገኛል። አሳሳቢው ነገር አዳዲስ መኪኖች መረጃቸውን በገመድ አልባ መንገድ በቀጥታ ወደ አምራቹ መላካቸው ነው። የማሳቹሴትስ መራጮች ይህን ተረድተው በ2020 ለነጻ ጋራዦች የሚከፍተውን ሕግ 75 በመቶ ገደማ በሆነ ድምፅ አጸደቁ። የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በሰኔ 2023 ሰርጎ ገቦች መኪናን ከርቀት ሊቆጣጠሩ ይችላሉ በሚል አምራቾች ሕጉን እንዳይፈጽሙ ጻፈ። በነሐሴ ግን መረጃው በአጭር ርቀት ገመድ አልባ ግንኙነት ቢሰጥ ሥጋቱ እንደሚቃለል ተቀበለ። ደኅንነት ሙሉ ክልከላን ያስገድዳል የሚለው ክርክር በዚያ ደብዳቤ ተዳክሟል።

201.6 ቮልት ሰው ይገድላል። ስለዚህ ለጠጋኞች ሥልጠናና የምስክር ወረቀት መጠየቁን እንደግፋለን፤ መረጃውን መቆለፉን ግን አንደግፍም። ለኮንግረስ የቀረበውን የሪፔር አክት ረቂቅ የምትመረምሩ የምክር ቤት ባለሙያዎች ትርጓሜ የሚሰጠውን ክፍል ደጋግማችሁ እንድታነቡ እንጠይቃለን። የኃይል አስተዳደር ፕሮግራም መረጃ፣ የእያንዳንዱ ሞጁል ሁኔታ፣ አዲስ ዕቃ ከተገጠመ በኋላም ኮምፒውተሩ እንዲቀበለው የሚያደርገው ፈቃድ በስም ተጠቅሰው ሊሰፍሩ ይገባል።