ሁለት ብስክሌት፣ አንድ ጉልበት

በገለጉ በጋው ሲበረታ ቀትር ላይ ብስክሌት ይዞ መውጣት አይታሰብም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ጎማ ይይዛል። ለሥራ እዚያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ስለዚህ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ይጋልባል፤ የኋላው ጎማ ባለበት እንዲሽከረከር በሚይዝ መቆሚያ ላይ፣ ቬንትሌተር ፊቱ አስቀምጦ። መብራት ሲጠፋ የሚቆመው ቬንትሌተሩ ብቻ ነው።

ጥሩው ብስክሌቱ ግን ጎንደር ባለቤቱ ዘንድ ነው ያለው። ገለጉ ያለው ከሰው የገዛው፣ ቁጥሩ አነስ ያለ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱን ከፊት በኩል ያመው ጀመር። እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ማለቱን ይጠቁማል፤ ከጉልበት ጀርባ ሲሆን ደግሞ ከፍ ማለቱን። ቤት ውስጥ ቁልቁለትና መታጠፊያ ስለሌለ ሰው ከኮርቻው እምብዛም አይነሳም፤ ትንሿ ስህተት ሺህ ጊዜ ትደጋገማለች።

የሽያጭ ሰው ስለሆንኩ በፍሬም ላይ የተጻፈ ቁጥር ብዙም አያሳምነኝም። እንደ ሸሚዝ ቁጥር ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ 54 የሌላው 54 ላይሆን ይችላል። መመሳሰል ያለባቸው ሰውነታችን የሚያርፍባቸው ሦስቱ ቦታዎች ናቸው፤ ፔዳል፣ ኮርቻና መሪ። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይን የመሰሉ ባለሙያዎች ከአንድ በላይ ብስክሌት ስለሚነዱ ልካቸው ተጽፎ ይያዛል። እኛም ሜትር፣ ቱንቢና ወረቀት ይበቃናል።

የወንድሜ ባለቤት ጎንደር ሆና ለካች፤ እሱ በስልክ ጻፈ። መነሻው የፔዳሎቹ ክንዶች የሚዞሩበት እምብርት ነው። ከእምብርቱ መሐል እስከ ኮርቻው አናት 72 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ የክንዱ ርዝመት 17። የገለጉው ክንድ ግን 16.5 ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሩ እኩል እንዲዘረጋ፣ እዚያ ኮርቻው 72.5 ላይ መቀመጥ አለበት። ፍሬሙ ትንሽ ስለሆነ የኮርቻው ዘንግ ብዙ ይወጣል፤ በዘንጉ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ከታየ ግን ይሰበራልና ረጅም ዘንግ መግዛት ነው።

ቀጥሎ ቱንቢ ከኮርቻው አፍንጫ ይወርዳል፤ ከእምብርቱ ስንት ወደ ኋላ እንደራቀ ይለካል። ኮርቻ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላም ስለሚሄድ ከፍታው ከተስተካከለ በኋላ ነው የሚለካው። ኮርቻዎቹ የተለያዩ ከሆኑ አፍንጫው ያታልላል፤ በሁለቱም ላይ ስፋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ከሚሆንበት ቦታ ለኩ።

መሪው መጨረሻ ነው። ትንሹ ብስክሌት ላይ ሰው ሲጠበው ኮርቻውን ወደ ኋላ ይገፋል። ይህን አልወደውም፤ ለእጅ ቦታ ሲባል የጉልበት ቦታ ይበላሻል። መሪውን የሚይዘውን አንገት በረዘመ መቀየር ይሻላል። የመሪው ከፍታ ጥቂት ቢለያይ ግን ቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ አያስጨንቅም፤ ከፍ ቢል እንዲያውም ለወገብ ይመቻል።

ደግሞም መቆሚያው የኋላውን ጎማ ያነሳል። ግንበኛ የሚጠቀምበትን ውኃ ልክ አምጥታችሁ፣ ሁለቱ የጎማ መሐሎች እኩል እስኪሆኑ ከፊት ጎማው ሥር ጣውላ አድርጉ። ወንድሜ ሁለት ጣውላ በቅቶታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉልበቱ ካበጠ ወይም ሕመሙ ካልተወው ጉዳዩ የሐኪም ነው።