የአስጎብኚው ዋጋና የሃምሳ አለቃው ደብዳቤ

በዚህ ሳምንት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የሁለት እኅትማማቾችንና የአንድ ሃምሳ አለቃን ክርክር የያዘ ነው። ጸሐፊዋ የሠራዊት ባለቤትና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። በመጪው ታኅሣሥ ልጆቻቸውን ይዘው በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 4 የሚኖሩትን ታላቅ እኅታቸውን ሊጠይቁ ከድሬዳዋ በባቡር ይሄዳሉ። እኅትየው እንግዶቻቸውን ለማስደሰት ካላቸው ጉጉት የተነሣ፣ ቤተሰቡን ለብቻው ወደ አሳል ሐይቅ ወስዶ የሚመልስ መኪና ከነአስጎብኚው አነጋግረዋል። ወጪውን እኩል ለመክፈልም ቃል ገብተዋል። ይሁን እንጂ የቀረው እኩሌታ ብቻውን ጸሐፊዋ ለበርካታ ወራት የጣሉትን ዕቁብ የሚጨርስ ሆኖ ተገኝቷል።

ሃምሳ አለቃው ይህን በሰሙ ጊዜ ከግዳጅ ቦታቸው የላኩት መልስ አጭር ነበር። «ዓይን ላላቸው ልጆች የሚያይላቸው ሰው መቅጠር አያስፈልግም፤ ገንዘቡ ለጫማቸውና ለደብተራቸው ይሁን» ይላል። ከዚህም ሌላ፣ ሃምሳ አለቃው በሚያዝያ የዓመት ፈቃዳቸውን ሲያገኙ ቤተሰቡ አዲስ አበባ ወርዶ አንድነት ፓርክን ለማየት ስላሰበ፣ በዚያም በተራው ትኬት ይግቡ ወይስ አስጎብኚ ያለበትን ከፍ ያለ ትኬት ይግዙ የሚለው ጥያቄ ተከትሎ መጥቷል። እናቲቱ ደብዳቤያቸውን ሲዘጉ፣ «ባለቤቴም እውነቱን ነው፤ እኅቴም እውነቷን ነው፤ እኔ ማንን ልስማ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በእኛ አስተያየት ችግሩ የሚመነጨው «አስጎብኚ» የሚባለው አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ሸቀጦችን የሚሸፍን በመሆኑ ነው። አንዱ ጊዜ ይሸጣል፤ ሌላው ደኅንነት ይሸጣል፤ ሦስተኛው ዕውቀት ይሸጣል። ገዢው ከሦስቱ የትኛውን እየገዛ እንደሆነ ሳያውቅ ከከፈለ፣ ዋጋው ትንሽም ቢሆን ተበልጧል።

ጊዜ የሚሸጥበትን ለማየት ሩቅ መሄድ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1971 በተከፈተው የዲዝኒ መዝናኛ ሥፍራ የግል አስጎብኚ በሰዓት ሒሳብ ይከራያል። ክፍያው በአንድ ሰዓት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሲሆን፣ ከሰባት ሰዓት በታች አይሸጥም። በአንድ አስጎብኚ እስከ አሥር ሰው ሊስተናገድ ይችላል፤ የመግቢያው ትኬት ግን ለየብቻው ይከፈላል። ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው ባለጸጋ በዋነኛነት የሚገዛው ወረፋ አለመጠበቅን ነው። በተሽከርካሪው ወንበርና በሽቅብ ቁልቁል ባቡሩ ደጃፍ ሕዝብ ተሰልፎ በሚውልበት ሥፍራ፣ አስጎብኚው ደንበኞቹን በሌላ በር ያስገባቸዋል። አሥር ሆነው ለተካፈሉት ምናልባት ያዋጣ ይሆናል። በአሳል ሐይቅ ዳር ግን ወረፋ የለም። ጨው፣ ፀሐይና ጥቁር ድንጋይ ነው ያለው። ስለዚህ ከካርቲየ 4 ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ጊዜ የሚገዛበት ምክንያት አይኖረውም።

ታዲያ በአሳል የሚገዛው ምንድን ነው? ሐይቁ ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ በመሆኑ በአፍሪካ ምድር ከእርሱ የሚያንስ ዝቅተኛ ቦታ የለም። የጨዋማነቱ መጠን የባሕርን ውኃ አሥር እጥፍ ያህላል። በዳርቻው ጥላ የሚሰጥ ዛፍ አይገኝም፤ የጨው ንጣፉም እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይቆርጣል። መንገዱ በከፊል ወደ ኢትዮጵያ ዕቃ የሚያመላልሱ ከባድ የጭነት መኪናዎች የሚርመሰመሱበት ነው። እንግዲህ በዚህ ሥፍራ ለሕፃናት እናት የሚያስፈልጋት የምትገዛው ደኅንነት ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር፣ የተመረመረ ጎማ፣ በቂ ውኃና የመነሻ ሰዓት ማለት ነው።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ይህን የተማረው በመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው በካርቲየ 4 በእንግድነት ሳለሁ፣ ከአንድ ወዳጄ ቤተሰብ ጋር ሆነን «የግል አስጎብኚ ነኝ» ላለን ሰው ከነመኪናው ከፍለን ነበር። ከንጋቱ በፊት እንነሣለን ተብሎ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣን። ሐይቁ ዳር የደረስነው ፀሐይዋ በአናታችን ላይ ልትቆም ስትል ነው። አስጎብኚያችን በእጁ ወደ ፊት እያመለከተ «ይኸውላችሁ አሳል» አለና ወደ መኪናው ጥላ ተመልሶ ተኛ። በሰው አንድ ጠርሙስ ውኃ ብቻ ይዘናል። የወዳጄ ታናሽ ልጅ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውኃው ስትሮጥ እግሯ በጨው ተቆረጠ። በቁስል ላይ የአሳል ውኃ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል የልጅቱን ጩኸት የሰማ አይረሳውም። የምናጥብበት ንጹሕ ውኃ እንኳ አልተረፈንም ነበር። የሰው ልጅ አምኜ ይዤ መጥቼ ለዚያ ቀን ያበቃኋት እኔ ነኝ በማለት እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

በሌላ ዓመት እንደገና የመሄድ ዕድል ባጋጠመኝ ጊዜ የወሰደን ሰው ራሱን አስጎብኚ ብሎ አያውቅም፤ ሾፌር ነው። ዋጋውም ከፊተኛው ያነሰ ነበር። ነገር ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በር አንኳኳ። ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ጭኗል፤ ልጆቹን ገና ከመኪናው ሳይወርዱ «ጫማ ያላደረገ ከዚህ አይወርድም» አላቸው። በጉበት የባሕር ሰላጤ አናት ላይ አቁሞ ቁልቁል አሳየን። እ.ኤ.አ. በ1978 ለአንድ ሳምንት ያህል የፈነዳው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ጥሎት የሄደውን ጥቁር ድንጋይም ጠቆመን። ሐይቁን ከባሕሩ የሚለየው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የእሳተ ገሞራ መሬት እንደሆነ፣ የባሕሩም ውኃ በዚያ ሥር እየሰረገ ሐይቁን እንደሚመግብና ፀሐዩ ውኃውን እያተነነ ጨውን እንደሚያስቀር የነገረን እርሱ ነው። አፋሮች በግመል ቅፍለት ጨው ጭነው ወደ መሐል አገር ይወርዱበት የነበረውንም አቅጣጫ አመለከተን። ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ከተማ ተመለስን።

ስለዚህ ለአሳል ጉዞ ሃምሳ አለቃው በከፊል ትክክል ናቸው። ለአስጎብኚነት ስም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ነገር ግን ደብዳቤያቸው አንድ ነገር ዘንግቷል። አንድ የጓድ መሪ ወታደሮቹን ወደማያውቀው ቀጣና ሲያስገባ መሬቱን የሚያውቅ ሰው ከፊት ያስቀድማል እንጂ፣ ዓይን አለን ብሎ ዝም ብሎ አይገባም። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸውም ይኸው ጥንቃቄ ይገባል።

ወጪውን በተመለከተ መኪናው የሚከራየው ለቀኑ እንጂ በሰው ቁጥር እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። ለስሌት ያህል ብቻ፣ መኪናው 40,000 ፍራንክ ተጠየቀበት እንበል። እናት፣ ሁለት ልጆችና እኅት አራት ሆነው ቢሄዱ ለአንድ ሰው 10,000 ይደርሳል። መኪናው ሰፊ ከሆነና አራት ሰዎች ያሉት ሌላ ቤተሰብ ቢጨመር ግን 5,000 ይሆናል። ሐይቁ በብዙ ሰው ስለታየ የሚቀንስበት ነገር የለም። በካርቲየ 4 ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ጥቂት ስላልሆኑ፣ ለዓመታት በዚያ እየኖሩ ባሕሩን እንጂ አሳልን ያላዩ ጎረቤቶች መገኘታቸው የማይቀር ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የታላቅ እኅት ጉዳይ ነው። እኅትየው አንዴ አፋቸውን አውጥተው «እኔ አስጎበኛችኋለሁ» ብለዋል። በሰው አገር እየኖሩ እንግዳ ሲቀበሉ የሚሰማቸውን ኩራት የማያውቅ ሰው «ይቅር፣ ውድ ነው» የምትለዋን ቃል እንደ ዋዛ ሊወረውራት ይችላል። እንዲህ ያለው ቃል ደግሞ በእኅትማማቾች መካከል ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ጸሐፊዋ ግብዣውን እንዳይመልሱት እንመክራለን። ይልቁን፣ «እትዬ፣ እነዚያን ጎረቤትሽን ከነልጆቻቸው ብንጨምራቸው ለልጆቼ ጓደኛ ይሆኗቸዋል፤ አንቺ አነጋግሪልኝ» ቢሏቸው፣ ግብዣው የእኅትየው እንደሆነ ይቀራል፤ አዘጋጇም እርሳቸው ይሆናሉ፤ ወጪውም በእኩሌታ ይወርዳል። ሾፌሩን ሲያነጋግሩም ከዋጋው አስቀድመው ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ በስንት ሰዓት ይነሣል? ስንት ሊትር ውኃ ይጭናል? ትርፍ ጎማ አለው? በእነዚህ ላይ የሚያመነታ ሰው ፈረንሳይኛውን እንደ ውኃ ቢያንቆረቆረውም አይቅጠሩት።

የአንድነት ፓርክ ነገር ግን ከዚህ ፍጹም የተለየ ነው፤ በዚህ ላይ ሃምሳ አለቃውን ለመቃወም እንገደዳለን። በመስከረም ወር 2012 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተከፈተው ይህ ሥፍራ የአራዊት ማቆያ፣ የአትክልት ቦታና የክልሎች ማሳያዎች አሉት። ጥቁር ጎፈር ያለውን አንበሳ ለማየት በእርግጥ አስጎብኚ አያስፈልግም፤ አንበሳው ራሱን ያስተዋውቃል። ልጆቹ የሚሮጡበትም ሜዳ ማብራሪያ አይሻም። ወደ ታሪካዊዎቹ ሕንፃዎች ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የግብር አዳራሹ ለማያውቅ ሰው ትልቅ ባዶ ቤት ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየተራው እየገባ ግብር ይበላበት እንደነበረ፣ ማን ከማን በኋላ ይቀመጥ እንደነበረ ግድግዳው አይናገርም።

ከዚያም ምድር ቤቱ አለ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮች፣ መሳፍንትና የጦር መኰንኖች የታሰሩት በዚያ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት 60 ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከዚያ ተወስደው ነው የሞቱት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዐጽም በ1984 ዓ.ም. የተገኘው በዚሁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ በዚያ በር ገብቶ በዚያ በር ሲወጣ ያየው ቀዝቃዛ ጓዳ ብቻ ይሆናል። ዐዋቂውም ቢሆን ከሰማው ወሬ ጋር እያደባለቀ ለልጁ የተሳሳተ ነገር ከሚነግረው፣ ሥራዬ ብሎ ያጠና ሰው ቢያስረዳው ይሻላል። አባት ወታደር፣ ልጅ የወታደር ልጅ ሆኖ፣ በወታደር እጅ የተፈጸመውን ታሪክ በቦታው ላይ ቆሞ መስማት ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ ነገር አይደለም። በእኛ ግምት ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ አልጠፋም።

በጎንደርም እንዲሁ ነው። 900 ሜትር ርዝመት ባለው አጥር ውስጥ ያሉትን ግንቦች ያለ አስረጂ የሚዞር ሰው ሁሉም የአንድ ንጉሥ ሥራ ይመስሉታል። በላሊበላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት የሚያገናኙትን ዋሻዎች ያለ መሪ የሚገባባቸው ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወደ ገባበት ይወጣል፤ ይህ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ ወጥቷል።

ሆኖም ከፍ ያለውን ትኬት መግዛት ካልተቻለ ሌላ መንገድ አለ። ለአራቱም ሰው አንድ ዓይነት ትኬት መግዛት ግዴታ መስሎ የሚታየው በልማድ ነው። ሃምሳ አለቃውና ትልቁ ልጅ ከአስጎብኚው ጋር ሕንፃዎቹን ሲያዩ፣ እናትና ታናሹ ልጅ በተራው ትኬት ገብተው ወደ አራዊቱ ቢሄዱ በጀቱ በብዙ ይቀልላል። ታናሹ ለምድር ቤቱ ታሪክ ገና ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ወንድሙ ይነግረዋል። በቅድሚያ ግን የሁለቱም ትኬት ዋጋና አስጎብኚው የሚመራው በቡድን ይሁን በቤተሰብ በበሩ ላይ ተጠይቆ መረጋገጥ አለበት።

በመጨረሻም ሃምሳ አለቃው ከሄዱ አይቀር ልጁን ባዶውን ይዘውት እንዳይገቡ እናሳስባለን። ከመግባታቸው በፊት በነበረው ምሽት ልጁ አራት ጥያቄ በደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ አባትም ሁለት ይጨምሩበት። ብዙ አስጎብኚ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ የለመደውን ተናግሮ ፈጥኖ ያሰናብታል፤ የሚጠይቅ ልጅ ሲገጥመው ግን ቆሞ ያስረዳል። የአሳልን ጉዞ በተመለከተ የልጆቹ ጫማ ሸራ ሆኖ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቢሆን መልካም ነው። ሃምሳ አለቃው «ለጫማቸው ይሁን» ያሉት ገንዘብ ከጉዞው በፊት ወደ ጫማ ሻጩ ይሂድ።